ስሙን ያልመሰለ ቢራ

በንግድ ዓለም ስም ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ነጋዴ ከፋብሪካ ወይም ከባሕር ማዶ ዕቃ ሲያስመጣ የዕቃውን ስም ጭምር ገዝቶ ያመጣል፤ ሸማቹም ገና ሳይቀምስ ዋጋ የሚከፍለው በዚሁ ስም ተማምኖ ነው። ስለዚህ ጣዕሙ ከስሙ አንሶ በተገኘ ጊዜ ሸማቹ እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል። ቅሬታውንም የሚያሰማው ሩቅ ላለው ፋብሪካ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ለቆመው ባለሱቅ ነው።

ይህ ነገር በአርባ ምንጭ ከተማና በአካባቢዋ በቢራ ንግድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ «ይህ ቢራ እንደ ስሙ አይደለም፤ አዲስ አበባ የጠጣሁት ሌላ ነበር» የሚል እንግዳ አይታጣም። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ከመነሻው ከልክ በላይ የገነነ ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመልካም ሁኔታ ተጠምቆ ሳለ በመንገድና በመጋዘን የጠፋ ስም ነው። የመጀመሪያውን ለማረም ሥልጣን የለንም፤ ሁለተኛው ግን በእጃችን ያለ ነው።

ከመነሻው ስለ ገነነ ስም

በመጀመሪያ ጥቁሩን ቢራ፣ ማለትም ስታውትን እንመልከት። ጥቁር ቢራ ኃይል ይሰጣል፣ ደም ይተካል፣ ከሌላውም ይልቅ ያሰክራል የሚል ወሬ በብዙ አገር የቆየ ነው። የአየርላንዱ ጊነስ ቢራው ለጤና ይበጃል የሚል ታላቅ ማስታወቂያ በእንግሊዝ አገር ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። በእኛም አገር የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያወጣው ስታውት ሐኪም የሚል ስም የያዘ ስለ ነበረ፣ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው መድኃኒት ቢመስለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ጥቁረቱ የሚመጣው ከተቆላ ገብስ ወይም ብቅል እንጂ ከአልኮል ብዛት አይደለም። በርሜል ተቀድቶ የሚሸጠው ጊነስ የአልኮል መጠኑ 4.2 በመቶ ገደማ በመሆኑ ከብዙ ነጫጭ ቢራዎች ያንሳል፤ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው ሌላው ዓይነቱ ግን ከዚያ እጅግ ይበረታል። እንግዲህ የቢራን ብርታት መልኩ ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይናገራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነጩ ቢራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 በቦሔሚያዋ ፒልሰን ከተማ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ ጥርት ያለ ወርቃማ ቢራ ጠመቀ። ፒልስነር የሚለው ስም ከዚያች ከተማ ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የከተማዋ ለስላሳ ውሃና የአካባቢዋ ሆፕስ (እንደ ጌሾ የሚያመር ተክል ነው) ግን እዚያው ቀሩ። በዚህም ምክንያት ስሙን በወረቀቱ ላይ የለጠፈ ሁሉ ጣዕሙን ይዞ አልተገኘም።

በአገራችንም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን፣ ሐበሻ፣ ዋልያና ሌሎችም ተከታትለው ወጥተዋል። ደንበኞች የእኔ ይበልጣል በማለት ብርቱ ክርክር ይገጥማሉ። ነገር ግን በብዛት የሚሸጡት ሁሉም ላገር የሚባለው የቢራ ዘር ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የክርክሩን ያህል ሰፊ አይደለም። በገዢው ብርጭቆ ውስጥ ከምልክቱ ይልቅ የሚለየው የቢራው ትኩስነት ነው። ስሙ ዝቅ ያለ ትኩስ ቢራ፣ ስሙ ከፍ ያለውን ያረጀ ቢራ ይበልጠዋል።

በመንገድና በመጋዘን ስለሚጠፋ ስም

ብዙ ሰው ቆርኪ የተመታበት ቢራ አያረጅም ብሎ ያምናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ቢራ ከተሞላበት ቀን አንሥቶ እያረጀ ይሄዳል፤ እርጅናውንም የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። በጠማቂዎች ዘንድ የታወቀ አንድ የግምት ልክ አለ፤ ይኸውም በ32 ዲግሪ ሙቀት 3 ቀን የተቀመጠ ቢራ፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 300 ቀን ከቆየው ጋር በእርጅና ይተካከላል የሚል ነው። በርግጥ ግምት ነው፤ የነገሩን አካሄድ ግን በሚገባ ያሳያል።

ይህን ልክ ወደ አገራችን እናምጣው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ስትሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ መጋዘን ደግሞ ከውጭው ብሶ ይግላል። ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ደጋ ናት። በአንድ መኪና ተጭነው ከመጡ ሳጥኖች ግማሹ በሲቀላ ቢራገፍ፣ ግማሹም ወደ ጨንቻ ቢወጣ፣ ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱ አንድ ቢራ ሆነው አይገኙም። የቆላው ቢራ መዓዛው ይደክማል፤ የራሰ ካርቶን የሚመስል ጣዕምም ያመጣል። ጠጪውን አያሳምመውም፤ ነገር ግን ሁለተኛ እንዲያዝ አያደርገውም።

ሁለተኛው ጠላት ብርሃን ነው። የፀሐይ ጨረር በቢራው ውስጥ ያለውን የሆፕስ ምሬት አፍርሶ እንደ አውሬ ጠረን ያለ ክፉ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ጨረሩን በብዛት ይከለክላል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን እምብዛም አይከላከሉም። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ጠርሙስ የውጭ አገርና የክብር ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ባለሱቁም ለጌጥ ሲል በመስኮት ይደረድረዋል። በዚህ ዓይነት እጅግ የተከበረው ቢራ ፈጥኖ የሚበላሸው ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚሠራበት የጅምላ መደብር አንድ ደንበኛ ቢራው ተበላሽቷል ብሎ ሳጥኖች መልሶ ነበር። ሲመረመር ከዚያው ቀን ምርት ሌሎቹ ሳጥኖች በጓዳው ጨለማ ውስጥ ደኅና ሆነው ተገኙ። የተመለሱት ከበር ላይ፣ ለዕይታ ተብለው ከረፋድ እስከ ማታ ፀሐይ ሲመታቸው የሰነበቱት ብቻ ነበሩ።

ድራፍትም በትኩስነቱ የተመሰገነ ነው፤ ሲጠበቅለትም ምስጋናው ይገባዋል። ይሁን እንጂ በርሜሉ ተከፍቶ ብዙ ቀን የሚውልበት፣ የመቅጃው ቧንቧም በየሁለት ሳምንቱ የማይታጠብበት ቤት የሚሰጠው ጃምቦ ከጠርሙሱ ያነሰ ነው። ጥቂት ጠጪ ያለው ግሮሰሪ ስለ ስሙ ብሎ ድራፍት ከሚያቆም ጠርሙስ ቢሸጥ ይሻለዋል።

አጥብቆ ማቀዝቀዝም መፍትሔ አይደለም። ብርድ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ያረጀውን ቢራ አያድሰውም።

ከነጋዴው ስለሚጠበቅ ጥንቃቄ

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ተከልክሏል። እንግዲህ የቢራ ስም በዘፈንና በሥዕል የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ የሚጠብቀው በደንበኛው ፊት የሚቀርበው ብርጭቆ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ወጪያቸው ጥቂት፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

1ኛ፤ ዕቃ ስትረከቡ የሳጥኑን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን አንብባችሁ በመዝገብ ጻፉ።

2ኛ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት ደርድሩ።

3ኛ፤ መጋዘኑ ጨለማና ነፋሻ ይሁን፤ ሳጥን በቆርቆሮ ግድግዳ አታስጠጉ፤ ለዕይታ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል።

4ኛ፤ በሙቀት ወራት የሁለት ወር ዕቃ ባንድ ጊዜ ከማስመጣት ጥቂት በጥቂት ማስመጣት ይሻላል። በጅምላ ቅናሽ የተገኘው ትርፍ በተመለሰ ሳጥንና በቀረ ደንበኛ ተመልሶ ይሄዳል።

በደቡቡ አገር ገበያዎች ቦርዴ የምትሸጠውን ሴት የተመለከተ ይህን ትምህርት ከእርስዋ ባገኘ ነበር። ቦርዴ ከአንድ ቀን በላይ እንደማይቆይ ስለምታውቅ ለዚያ ገበያ የሚበቃውን ያህል ጠምቃ ትወጣለች፤ የትናንቱን ለዛሬ ደንበኛ አታቀርብም። ማስታወቂያም ሆነ የታተመ ወረቀት የላትም፤ ደንበኞችዋ ግን ቦታዋን ያውቃሉ። እኛ የምንሸጠው ቢራ ቆርኪ ስላለው ጊዜ ቢሰጠንም፣ የተሰጠን ጊዜ በሙቀቱ ልክ የተቆጠረ መሆኑን አንዘንጋ። ስሙን በመጋዘኑ የጠበቀ ነጋዴ ደንበኛውንም ይጠብቃል።