ስካን ከተደረገ በኋላ መጽሐፉስ የት ይሂድ?

አጎቴ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ናቸው። ባለፈው ዓመት ቤታቸውን ሊሸጡ ሲነሱ ቤዝመንቱን አብረን ማጽዳት ጀመርን። ልብሱ በአንድ ቀን አለቀ፣ ዕቃው በሁለት። መጽሐፉ ግን አላልቅ አለ፦ የኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) መጠገኛ ማኑዋሎች፣ የትራንዚስተር መረጃ የያዙ ወፋፍራም ጥራዞች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ኩባንያዎች ያሳተሟቸው የኮምፒውተር መመሪያዎች፣ ሰባት መደርደሪያ ሙሉ። ልጃቸው «አባዬ፣ ስካን አድርገን እንጣለው በቃ» አለች። እሳቸው የያዙትን መጽሐፍ ከእጃቸው ሳይለቁ «ስካኑስ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። እኔም ያንን ዝምታ ይዤ ነገሩን ሳጣራ ከረምኩ።

ልጅቱ ተሳስታለች ማለት አይቻልም። የቆየ የቴክኒክ መጽሐፍ እንደ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ሰው የሚፈልገው አንዲት ሠንጠረዥ ወይም አንድ የሰርኪዩት ንድፍ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፋይል ይመቻል። ቃል ተጽፎ ይፈለጋል፣ በደቂቃ ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ መደርደሪያ አያጣብብም። የድሮ ኮምፒውተሮችን ማኑዋል ስካን እያደረገ በነጻ የሚያስቀምጥ ቢትሴቨርስ የሚባል ማኅደር አለ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ማሽኖች ዛሬ ደግሞ ለማስነሳት የሚሞክር ሰው ሁሉ እዚያ ሳይደርስ አይቀርም።

ስካን ማድረጊያው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የመጽሐፉን ጀርባ በወረቀት መቁረጫ ማሽን ቆርጦ ቅጠሎቹን ለስካነሩ ማጉረስ ነው። ይፈጥናል፤ የሚተርፈው ግን ልቅ ወረቀት ነው። ሁለተኛው መጽሐፉን በግማሽ ከፍቶ በቪ ቅርጽ አልጋ ላይ ማስተኛትና ከላይ በካሜራ ማንሳት ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ስክራይብ የተባለው ማሽን ይኸው ነው፦ ሠራተኛው ፔዳል ሲረግጥ መስታወቱ ይነሳል፣ ገጹን በእጁ ይገልጣል፣ መስታወቱ ይወርዳል፣ ካሜራው ያነሳል። የቴክኒክ መጽሐፍ አንድ ዕድል አለው፤ ብዙው በቀለበት ክላሰር የተያዘ ስለሆነ ቅጠሉ ያለ ቢላ ወጥቶ መልሶ ይገባል። ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል፣ ጥቃቅን መስመርና ቁጥር ለበዛበት ንድፍ 600 ይሻላል።

ጣጣው ያለው ከመጽሐፉ መጨረሻ ነው። የአጎቴን የኦሲሎስኮፕ ማኑዋል ከኋላ ስትገልጡት ገጹ እንደ ገጽ አይገለጥም፣ ይዘረጋል። አንዴ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች፤ የጠረጴዛውን ግማሽ ይሸፍናል። የማሽኑ ሙሉ ሰርኪዩት እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱ በታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ሆኗል፤ ከአንዲት ትራንዚስተር አጠገብ ደግሞ በአጎቴ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ እዚያ ነጥብ ላይ የለኩት ቮልት ተጽፏል። ይህ ቁጥር በሌላ በማንም ቅጂ ላይ የለም። እንዲህ ያለው ታጣፊ ገጽ ጊዜ ይፈጃል፣ በችኮላ የሚሠራ ሰው ይዘለዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 በጀመረው ግዙፍ የቤተ መጻሕፍት ስካን ሥራ ውስጥ እንኳ ሳይዘረጉ እንደ ታጠፉ የተነሱ ገጾች ሞልተዋል። የዚያን ፋይል ወረቀት የጣለ ሰው የጣለው ዋናውን ነገር ነው።

ይህ የሰው ስንፍና ነው እንበል። ማሽኑ ራሱ ሲዋሽስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በዜሮክስ ማሽን የተቀዳ የሕንፃ ፕላን አየ። በዋናው ፕላን ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13፣ 17.42 እና 21.11 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ በቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነዋል። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የሚሠራበት ጄቢግ2 የተባለ ዘዴ ነበር። ማሽኑ ይመሳሰላሉ ብሎ የገመታቸውን ምልክቶች አንዱን ብቻ ያስቀምጥና በሌሎቹም ቦታ እሱኑ ይደግመዋል። 6 ቁጥር 8 ሆኖ ይወጣል፤ የሚያስፈራው ደግሞ ደብዝዞ ሳይሆን ጥርት ብሎ መውጣቱ ነው። የደበዘዘን ቁጥር አንባቢ ይጠራጠረዋል፣ የጠራውን ማን ይጠራጠራል? ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አወጣ። ከዚያ በፊት የተቀዱት ሰነዶች ግን እንደ ተቀዱ ናቸው። በልቦለድ ውስጥ አንድ ፊደል ቢሳሳት አንባቢ በራሱ ያቃናዋል፤ በመጠገኛ ማኑዋል ውስጥ 16 ቮልት 18 ከሆነ የሚቃጠል ነገር አለ።

ቀድቶ መጣል አዲስ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣን በማይክሮፊልም እያነሱ ዋናውን ሲያስወግዱ ኖረዋል። አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮልሰን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1999 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የአሜሪካ ጋዜጦችን ጥራዝ ሊሸጥ መሆኑን ሲሰማ የጡረታ ቁጠባውን አውጥቶ ብዙውን ገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። ከመካከሉ በቀለም ያሸበረቁ የኒውዮርክ ዎርልድ ዕትሞች ነበሩበት። ፊልሙ የያዘው ጥቁርና ነጩን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው መጽሐፉ «ደብል ፎልድ» ርዕሱን የወሰደው የወረቀቱን ጥንካሬ ለመመርመር የገጹን ጥግ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ ሲበጠስ ከሚያዩበት ፈተና ነው። ቤከር አንዳንዴ ያበዛዋል፤ በዚህኛው ነጥብ ግን ከሱ ጋር ነኝ።

የኛም አገር ምሳሌ አለው፣ ያውም የተሻለው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ ተነስቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎጉን የሠሩለት ፊልም ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ብራናው ግን ተነስቶ ሲያበቃ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ይነሳ ያለ እንጂ ይጣል ያለ አልነበረም።

ይህን ስል የአጎቴ ሰባት መደርደሪያ ሁሉ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሚሊዮን የታተመ የዊንዶውስ መማሪያ ዓለም ላይ ሞልቷል፤ ወደ ወረቀት መልሶ መጠቀሚያ ቢሄድ አይቆጨኝም። ሻጋታ የያዘው መጽሐፍም ብርቅ ካልሆነ መሄጃው እዚያው ነው፤ አንድ ሻጋታ የነካው ካርቶን የተቀባዩን መደርደሪያ ይበክላል። ብርቅ ከሆነ ለብቻው ታሽጎ ለሚያክም ባለሙያ ይሰጣል። ጥያቄው «ይህ ቅጂ ብርቅ ነው ወይ?» የሚል ነው። ወርልድካት በሚባለው የቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ ርዕሱን አስገብቶ ስንት ቤተ መጻሕፍት እንደያዘው ማየት ይቻላል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፦ ማኑዋል ሽፋኑ አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። ፋብሪካው ማሽኑን ሲያሻሽል አዲስ ገጽ ያሳትማል፣ ማረሚያ ወረቀት ይልካል፤ መጽሐፉ የሚያገለግለው ከዚህ እስከዚህ መለያ ቁጥር ላሉ ማሽኖች ብቻ ነው ይላል። እኛ መጀመሪያ «ድጋሚ ነው» ብለን ለይተን ካስቀመጥናቸው አራት ማኑዋሎች ሁለቱ ድጋሚ አልነበሩም።

አዲስ ቤት ፍለጋው ላይ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሙዚየም ነው። ማውንቴን ቪው፣ ካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም አለ። ካንሳስ ሲቲ ያለው የሊንዳ ሆል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ የሳይንስና የምህንድስና ቤተ መጻሕፍት ሲሆን በ1995 የመሐንዲሶች ማኅበራትን ስብስብ ከኒውዮርክ ተረክቧል። እንዲህ ያሉ ተቋማት የሚወስዱት የሌላቸውን ብቻ ነው፤ ካርቶን ተሸክሞ በር ላይ መድረስ ራስንም እነሱንም ማስቸገር ነው። ርዕስ፣ ዓመትና የሕትመት ቁጥር ያለበት ዝርዝር አስቀድሞ ይላካል። መልሱ ቢዘገይ አይደንቅም።

ኢንተርኔት አርካይቭ ትንሽ ይለያል። መሥራቹ ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ2011 ሪችመንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለወረቀቱ ራሱ ማከማቻ ከፍቷል። ስካን የተደረጉት መጻሕፍት በካርቶን ሆነው፣ ያ በመርከብ የሚመጣው ዓይነት ኮንቴይነር ውስጥ ይደረደራሉ፤ አንዱ ኮንቴይነር ወደ 40 ሺህ መጽሐፍ ይይዛል። ማንም አይገልጣቸውም። ፋይሉ ቢጠፋ ወይም ቢያጠራጥር ተመልሶ የሚታይ ምስክር ናቸው። ጀርባው ተቆርጦ ልቅ የሆነ መጽሐፍም ለምስክርነት አያንስም፦ ቅጠሉ በተራው ሆኖ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም ተበስቶ ክላሰር ይገባል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ማሽኑ ያለው ሰው ነው። ያ ኦሲሎስኮፕ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው ማኑዋሉን ከሙዚየም ይበልጥ ይፈልገዋል። እንዲህ ያሉት ሰዎች በሬዲዮ አማተሮች ገበያ ይገኛሉ፤ ትልቁ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዚኒያ፣ ኦሃዮ የሚደረገው ሃምቬንሽን ነው። ጥድፊያ ሲመጣም የሚደርሱት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ማኑዋል ሻጭ መጋዘኑን ሊለቅ ሲል የኢንተርኔት አርካይቩ ጄሰን ስኮት ሰው ጠርቶ፣ ፈቃደኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከየዓይነቱ አንዳንድ እየመረጡ ወደ 25 ሺህ የሚገመት ማኑዋል ከቆሻሻ ገንዳ አትርፈዋል። አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ በሚዲያ ሜይል ሲላክ ከሌላው ጥቅል ይረክሳል። አጎቴ ዋጋ አልጠየቁም፤ የመላኪያውን ብቻ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። ወረቀቱን መስጠትና ፋይሉን መስጠት ሁለት ነገር ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የገዛኸውን መጽሐፍ መሸጥም መስጠትም ትችላለህ። ፋይል ማባዛት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይሻል፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ፋይሉን ለራስ ማስቀረትም አከራካሪ ነው። ባለመብቱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የኮምፒውተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 በኮምፓክ ተገዛ፣ ኮምፓክ ደግሞ በ2002 ወደ ኤችፒ ገባ። ቴክትሮኒክስ በአንጻሩ ድጋፍ ያቆመላቸውን የመለኪያ መሣሪያዎች ማኑዋል ማንም እንዲያባዛ በግልጽ ፈቅዷል፤ ለሌሎቹም ባስተማረ። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል።

«ለምን አገር ቤት አንልከውም?» የሚለው ጥያቄ በኛ ቤትም ተነስቷል። አጎቴ ናቸው የተቃወሙት። መጽሐፍ ከባድ ነው፤ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የሚይዘው ሃያ ያህል ወፍራም ማኑዋል ነው። በመርከብ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሚኒሶታ ውስጥ የተመሠረተው ቡክስ ፎር አፍሪካ አንዱ ነው፣ ግን የሚቀበለውን በሕትመት ዘመን ይገድባል። ትክክልም ነው። ማሽኑ የሌለበት አገር ማኑዋሉን መላክ መንገዱን አስረዝሞ ለኦቾሎኒ መጠቅለያ መስጠት ነው። መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የያዙት ግን ሌላ ናቸው፤ የኦም ሕግ አላረጀም። ስለዚህ የእነዚህን ስልሳ መጻሕፍት የፊት ገጽ ፎቶ አንስተን አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለሚያስተምር ዘመድ በቴሌግራም ላክንለት። ከስልሳው አሥራ አንዱን መረጠ። እነሱ ብቻ ሄዱ።

ለሚሄደው መጽሐፍ ሁሉ አጎቴ ከፊት ሽፋኑ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ያስገባሉ፦ መቼ ስካን እንደተደረገ፣ በስንት ዲፒአይ፣ ፋይሉ የት እንዳለ፣ የጎደለ ገጽ ካለ ቁጥሩ። ታጣፊዎቹን ገጾች ስካነሩ ስላልቻላቸው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ እሳቸው ጥግ ጥጉን ይዘው፣ እኔ ከላይ በካሜራ ነው ያነሳናቸው። የኦሲሎስኮፑ ማኑዋል ኦሃዮ ላለ አንድ ወጣት ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልእክት መጣ፦ በፋይሉ ላይ የመጨረሻው ንድፍ የታች ቀኝ ጥግ ጥቁር ሆኖ አንድ ቁጥር አይነበብም፤ ወረቀቱ ግን እጁ ስለገባ አይቶ አግኝቶታል፣ ፎቶውን አብሮ ልኳል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ፋይሉን ከፈቱ፣ ጥቁሩን ጥግ በስልካቸው ላይ አሰፉት፣ ትንሽ ቆዩና ሳቁ። «አውራ ጣቴ ነው» አሉ።