የኮሌጅ መረብ ኳስ፦ ወጪ ወይስ ገቢ?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። የመረብ ኳስ ሜዳ ግን 18 በ9 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ሦስት ሦስት ሜትር ቢተውለት እንኳ 360 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። በስፋት ብቻ ካሰላነው በአንዱ ቦታ ወደ 20 የሚጠጋ ሜዳ ይወጣል ማለት ነው። በየካ ኮሌጅ ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ይህን ስሌት ሊንቀው አይገባም።

ለመሆኑ ኮሌጅን ከመረብ ኳስ ምን አገናኘው? የአሜሪካ ትናንሽ የግል ኮሌጆች ለዚህ መልስ አላቸው። እዚያ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣ ወዲህ፣ በርካታ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የወንድና የሴት ስፖርተኞችን ቁጥር ለማመጣጠን ሲሉ የወንዶች ቡድኖችን አጥፈዋል። በአንደኛው ዲቪዚዮን አንድ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድልም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 በ4.5 ተጫዋች የተገደበ ነበር። (ግማሽ ሰው እንዴት ይማራል ለሚል አንባቢ፦ ዕድሉ ለብዙዎች እየተሸነሸነ ይሰጥ ነበር።)

ስፖርቱን ያሳደጉት ትናንሾቹ ናቸው። በሦስተኛው ዲቪዚዮን ለስፖርት ችሎታ ተብሎ ነፃ ትምህርት አይሰጥም፤ ተጫዋቹ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከፋይ ነው። አዳራሹና መረቡ ለሴቶቹ ቡድን ቀድሞ ተዘጋጅቷል። እናም ቡድኑ ባዶ ወንበር የሚሞላ ደንበኛ ያመጣል። ይህ ዲቪዚዮን እ.ኤ.አ. በ2012 የራሱን የወንዶች ሻምፒዮና ጀመረ።

በእኛ አገር የወንዶች መረብ ኳስን በአመዛኙ የተሸከሙት እንደ ሙገር ሲሚንቶና ብሔራዊ አልኮል ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ባለውለታዎች ናቸው፤ ሆኖም ቡድኑ በድርጅቱ መዝገብ ላይ የሚታየው በወጪ በኩል ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ በቅድሚያ መቀስ የሚያርፈው ደግሞ እንዲህ ባለው ወጪ ላይ ነው።

የግል ኮሌጅ ሒሳብ ከዚህ ይለያል። ለምሳሌ ያህል የዓመት ክፍያው 40,000 ብር ነው እንበል። ለ15 ተጫዋቾች ሩብ ቢቀነስላቸው 450,000 ብር ይገባል። አሠልጣኝ፣ ኳስ፣ ትጥቅና መጓጓዣ 300,000 ብር ቢፈጁ 150,000 ብር ይተርፋል። ወንበሩ ባዶ ስለነበረ የመምህር ወጪ አይጨምርም።

ወጥመዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ከ15ቱ አምስቱ ቡድን ባይኖርም ሙሉ ከፍለው የሚመዘገቡ ቢሆኑስ? አዲስ ገቢ የሚያመጡት አሥሩ ብቻ ይሆናሉ፤ 300,000 ብር። ለአምስቱ የተቀነሰው 50,000 ብር ደግሞ ያለ ምክንያት የተጣለ ገንዘብ ነው። ወጪው ሲነሳ ትርፉ ወደ 50,000 ብር ኪሣራ ይገለበጣል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሊመዘን የሚገባው በዋንጫ ሳይሆን በውጭ መልምሎ ባመጣው ተማሪ ነው። የስፖርት መምህራንን የሚያፈራው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ የካ ውስጥ በመሆኑ ባለሙያው ሩቅ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ተጋጣሚ ነው። በ2020ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካ በታሪክ የጥቁሮች ለሆኑ ኮሌጆች የወንዶች መረብ ኳስ ማስጀመሪያ የተሰጠው 1 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ኮሌጅ የተሰጠ አልነበረም። በአንድ ሊግ ውስጥ ላሉ ስድስት ኮሌጆች ነበር። ብቻውን የቆመ ቡድን ጎረቤት ተጋጣሚ ከሌለው ትርፉን የሚበላው የአውቶቡስ ኪራይ ነው። ከየካ፣ ከአራዳና ከጉለሌ አራት ኮሌጆች ቢስማሙ ግን ውድድሩ ከሚኒባስ ታክሲ ኮንትራት የማያልፍ ጉዞ ነው።