ስፖንሰር ያገኘው ልጅ ባያገኝስ ኖሮ?

ከሰፈራችሁ ወይም ከክፍላችሁ ልጆች መካከል «ስፖንሰር አለው» የሚባል ሳታውቁ አትቀሩም። ከትምህርት ውጪ ባለው ሰዓት ፕሮጀክት ይሄዳል፤ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጡታል፤ ሲያመው ያሳክሙታል። አልፎ አልፎ ደግሞ አሜሪካ ወይም ደቡብ ኮሪያ ለሚኖር፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። ያ ሰው በየወሩ ገንዘብ ይልካል። አሠራሩ የቆየ ነው። ፕላን ኢንተርናሽናል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተጎዱ ልጆች ነበር፤ ወርልድ ቪዥንና ኮምፓሽን ደግሞ ከኮሪያ ጦርነት ጋር ተያይዘው የመጡ ናቸው። (ያኔ ተቀባይ የነበረችው ደቡብ ኮሪያ ዛሬ ሰጪ ሆናለች።)

እንበልና ያ ልጅ አድጎ ነርስ ሆነ። ስፖንሰሩ «በእኔ ገንዘብ ነው» ቢል ልክ ነው? ልጁ ጎበዝ ስለነበረ ያለ ስፖንሰርም ነርስ ይሆን ነበር ይሆናል። እርግጠኛ ለመሆን ያንኑ ልጅ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ስፖንሰር ሳያገኝ ሲያድግ ማየት ነበረብን። እሱ ልጅ ደግሞ የለም።

እኛ ኢንጂነሪንግ የተማርን ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ነን። «ይህ ኬሚካል ኮንክሪት ያጠነክራል ወይ?» ብትሉን ከአንድ ዓይነት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሁለት ዓይነት ኪዩብ እንሠራለን፤ አንዱ ኬሚካሉ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። በ28ኛው ቀን ሁለቱንም በማሽን ተጭነን እንሰብራቸዋለን። የጥንካሬው ልዩነት የኬሚካሉ ሥራ ነው። ልጅን ግን ሁለት አድርጎ ማሳደግ አይቻልም።

ታዲያ ከማን ጋር እናወዳድረው? «ከበፊቱ ጋር» ካላችሁ፣ ልጅ በራሱም ጊዜ ያድጋል፤ ከክፍል ክፍል ያልፋል። «ከጎረቤት ልጅ ጋር» ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድርጅቱ በጣም የተቸገረውን ቤት መርጦ ከሆነ ልጁ ሲጀመርም ወደኋላ የቀረ ነው። ወይም ደግሞ ምዝገባ መኖሩን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው እናት ንቁ ናት፤ ልጇ በእሷ ብርታት ብቻ ሊያልፍለት ይችላል። በሁለቱም መንገድ የምንለካው የገንዘቡን ሥራ ብቻ አይሆንም።

ብሩስ ዋይዲክ፣ ፖል ግሉዊ እና ሌይን ረትሌጅ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች መፍትሔውን ያገኙት የኮምፓሽን መመዝገቢያ ደንብ ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱ አንድ መንደር አዲስ ሲገባ የሚቀበለው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችን ነበር። ስለዚህ የ13 ዓመቱ ወንድም «አርፍደሃል» ተባለ ማለት ነው። ያረፈደው ቀድሞ በመወለዱ ነው! እናቱ ያቺው ናት፣ ቤቱም ያው ነው፤ የለየው ዕድሜ ብቻ ነው። ከኮንክሪት ኪዩባችን ጋር የሚቀራረብ ነገር ተገኘ።

ቆይ ግን፣ ጊዜው ራሱ እየተሻሻለ ከሄደ ታናናሾች ከታላላቆች የበለጠ መማራቸው አይቀርም። ይህንን ለመቀነስ ተመራማሪዎቹ ፕሮጀክቱ ያልገባባቸው ጎረቤት መንደሮችም ሄዱ። ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልፍጠር፦ ፕሮጀክት ባለበት መንደር ታናሹ ከታላቁ 2 ዓመት አብልጦ ተማረ፤ በሌለበት መንደር ደግሞ 1 ዓመት። ያ 1 ዓመት ያለ ፕሮጀክትም የሚመጣ ነው፤ የፕሮጀክቱ ድርሻ የቀረው 1 ዓመት ብቻ ይሆናል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስ፣ በጓቲማላና በቦሊቪያ 10,144 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን 1,860ዎቹ በልጅነታቸው ስፖንሰር የነበራቸው ናቸው። ውጤቱ፦ ስፖንሰርሺፕ በአማካይ ከ1.03 እስከ 1.46 ዓመት ተጨማሪ ትምህርት አስገኝቷል። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሌለው ስሌቱ በተለያየ ዘዴ ስለተሠራ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱት ከ100 ወደ 45 ገደማ ነበሩ፤ በስፖንሰር ከ56 እስከ 61 ገደማ ደረሱ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ 75 ዶላር ገደማ በነበረው ወርሃዊ ገቢ ላይ ከ13 እስከ 17 ዶላር ጭማሪ አይተዋል፤ ጭማሪው በዋናነት የመጣው ብዙዎቹ ሥራ በመያዛቸው ነው።

አሁን ወደ ነርሱ እንመለስ። ስፖንሰር ኖሯቸው ከጨረሱት 56 ወይም 61 ልጆች ውስጥ 45ቱ ያለ ስፖንሰርም ይጨርሱ ነበር። የቀሩት ናቸው በገንዘቡ ምክንያት የጨረሱት። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ስም ጠርቶ መናገር የሚችል የለም፤ ልጁ ራሱም አያውቅም። ስፖንሰሩ «በእኔ ነው» ማለት የማይችለው ለዚህ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሠርቷል።

ከዩኒፎርሙ፣ ከሕክምናውና ከደብዳቤው የትኛው ነው የሠራው? ይህ ጥናት ጥቅሉን እንጂ ፍሬዎቹን ለይቶ አልለካም። ሌላ ፍንጭ ከኢንዶኔዥያ አለ፤ ጃካርታ ውስጥ ልጆች ዝናብ ላይ ሆነው ራሳቸውን እንዲስሉ ተደርጎ፣ ስፖንሰር ያላቸው ልጆች ሥዕል ተራ ከሚጠብቁት የበለጠ ተስፋና ደስታ ታይቶበታል። እኔ በበኩሌ ሥዕልን እንደ ሜትር ለማመን ይቸግረኛል፤ ልጅ ስለ ነገው ያለው ግምት ትምህርቱን ይነካል የሚለው ሐሳብ ግን መፈተሽ ያለበት ነው።

ሌላም አለ። የተለካው የአንድ ድርጅት አሠራር ነው፤ ከስድስቱ አገሮች ውስጥም ኢትዮጵያ የለችም። ብዙ ድርጅቶች የልጁን ፎቶ ለስፖንሰሩ ይልኩና ገንዘቡን አንድ ላይ ሰብስበው ለመንደሩ ሁሉ ቦኖ ያስገባሉ፣ ክፍል ይሠራሉ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ለሰጪው በግልጽ እስከተነገረው ድረስ። ችግሩ የወንድማማቾቹ ዘዴ እዚያ አይሠራም፤ ያረፈደው ወንድምም ከዚያው ቦኖ ይጠጣል፣ እዚያው ክፍል ይቀመጣል። ኬሚካሉ በሁለቱም ኪዩብ ገባ ማለት ነው። የሚቀረው መንደርን ከመንደር ማወዳደር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት፣ ለጊዜው ምንም በማይደርሰው መንደር ጭምር፣ መለካት መጀመር ያስፈልጋል።