ጨው በአፈር ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

የጅቡቲ ከተማ ባሕር በብዙ ወገን የከበባት፣ ነገር ግን የሚጠጣ ውሃ ሲቸግራት የኖረች ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር አይደርስም፤ ሙቀቱም የወረደውን ፈጥኖ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ከተማይቱ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ዝናብ ሲጥል ብቻ በሚሞላው በአምቡሊ ወንዝ አካባቢና በዙሪያዋ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። ሕዝቡ እየበዛ፣ ውሃውም ያለ ልክ እየተቀዳ ሲሄድ የባሕሩ ውሃ ከሥር ሰርጎ ስለ ገባ የጉድጓዶቹ ጨዋማነት ጨመረ። በ2009 ዓ.ም. ከአገራችን ከሐደጋላ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው የቧንቧ መስመር መመረቁ ይህን ችግር አቃልሎታል።

ለአትክልተኛው ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጨዋማ ውሃ የጠጣ አፈር ጨዉን ይዞ ይቀራልና። የአበባ ሸክላ ያላት እመቤት ሁሉ በሸክላው ዙሪያ የሚወጣውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለች።

ከከርሰ ምድሩ ውሃ በላይ ባለው አፈር ውስጥ አየርና ውሃ ቦታ ተጋርተው ይኖራሉ። አፈሩ ሲደርቅ አስቀድመው ባዶ የሚቀሩት ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ የተረፈው ውሃ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተጣብቆ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ ይጓዛል። የሟሟው ጨውም አብሮት ይሄዳል። ፀሐይ የላዩን አፈር ስታደርቀው፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይሳባል። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ጨው ግን ክንፍ የለውምና ከላይ ይቀራል።

የሚሟሟ ነገር ሁሉ እኩል አይሄድም። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት ከውሃው ጋር እየሮጠ እስከ ጉድጓድ ውሃ ሊደርስ ሲችል፣ ፎስፌት ግን አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ወደ ኋላ ይቀራል።

ጨዉን ከሥሩ በታች ለማውረድ ተክሉ ከሚጠጣው የሚበልጥ ውሃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ። በአንድ ጊዜ የተጥለቀለቀ ውሃ በስንጥቆች ሾልኮ ያልፋል፤ በጓሉ ውስጥ ያለውን ጨው እምብዛም አይነካውም። ያንኑ ውሃ ሳይቀንሱ ከፋፍለው፣ እያሳረፉ ቢያጠጡት ግን በጠባቦቹ ቀዳዳዎች አልፎ ብዙ ጨው ይዞ ይወርዳል። ውሃ በተወደደበት አገር ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። የአፈሩን ፊት በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈንም ትነቱን ይቀንሳል።

በሸክላ ለሚተክሉም አንድ ነገር እንጨምር። ከሸክላው ሥር ባለው ሳሕን የተጠራቀመውን ውሃ ይድፉት፤ ካልተደፋ አፈሩ መልሶ ይስበዋልና የወረደው ጨው እንደ ገና ወደ ሥሩ ይመጣል።