ባልና ሚስት የሚያቆሙት ቤት

በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉ የካፋ ቀበሌዎች አዲስ ጎጆ የሚወጡ ባልና ሚስት፣ ጎረቤት በደቦ ቢያግዛቸውም፣ የቤታቸውን ድካም የሚጋሩት ራሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ባል ጉድጓድ ቆፍሮ ምሰሶውን ሲተክል፣ ማገሩንም በሐረግ ሲያስር፣ ሚስት ውኃ ቀድታ ጭቃውን ከጭድ ጋር ታቦካለች፤ ለቀናት ሳይረገጥና ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፣ ይህ የእርስዋ ድርሻ እንደ ትንሽ ረድኤት ሊቈጠር ከቶ አይገባውም።

በካፋ ዝናሙ ብዙ ወራት ስለሚዘልቅ፣ ምርጊቱ በበጋ እንዲፈጸም ይመረጣል፤ የጣራውም ክፈፍ ግድግዳውን ከውሽንፍር ይጋርድ ዘንድ ወደ ውጭ ይዘረጋል። በጓሮው ለምግብም ለቃጫም የሚሆነው እንሰት ይተከላል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧልና፣ ለቤት የሚሆነውን እንጨት ከዚያ ዱር ከመቍረጥ ይልቅ በጓሮ ባሕር ዛፍ ማልማት የተሻለ ነው።

የንብረቱም ነገር ሊጤን ይገባል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ስለ ደነገገ፣ ጭቃውን ያቦካችው ሚስት ስሟ በይዞታ ደብተሩ ከባልዋ ስም ጋር መስፈሩን አስቀድማ ልትመረምር ይገባታል።