ውለታን ማየት፣ ውለታን መናገር

ከሞጆ ተነሥቶ መቂንና ዝዋይን አልፎ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በቡልቡላ ከተማ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ከብትና ስለ አዝመራ ተራ በተራ ይጠያየቃሉ፤ ለጥያቄውም ሁሉ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ታላቅ ሀብት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቃሉ በየሰዓቱ ከአፍ ስለሚወጣ፣ ተናጋሪው ስለ ምን እንደሚያመሰግን ሳያስብ፣ ሰሚውም ምን ተደረገልህ ብሎ ሳይጠይቅ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የክርስቲያን ምስጋና ሙሉ የሚሆነው የተደረገለትን ነገር ለይቶ ሲያውቅና ለባልንጀራው ሲነግር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለይቶ ማወቅ የሚጀምረው በአጠገብ ካለው ነገር ነው። ከመቂና ከካታር ወንዞች ውሃ የሚቀበለው የዝዋይ ሐይቅ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ አማካይነት ወደ አብያታ ሐይቅ ይልካል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ ጉዞ ገበሬው አትክልቱን ያጠጣል፣ እረኛውም ከብቱን ያረካል። አብያታ መውጫ ስለሌለው ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨውና ሶዳው ይቀራል፤ ለሰው መጠጥ የማይሆነው ያ ውሃ ግን ለፍላሚንጎ ወፍ ቀለብ የሚሆኑትን ጥቃቅን ፍጥረታት ያበዛል። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖችም ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይመላለሱ ነበር። ይህን የፈጣሪ መግቦት የሚያደንቅ ሰው፣ ለመስኖና ለሶዳ ፋብሪካ ብዙ ውሃ ስለተቀዳ ሐይቁ ከቀድሞ ዳርቻው መሸሹንና ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው ማለቁንም አብሮ ማየት ይገባዋል። ስለ ስጦታው እያመሰገኑ ስጦታው ሲባክን ዝም ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ዓይንን ጨፍኖ እንደ ማመስገን ያለ ነው።

ለመናገሩም ቢሆን አባቶቻችን ሥርዓት ሠርተውለታል። ስንክሳር በየዕለቱ የሚነበበው ከዓመቱ ቀኖች አንዱም እንኳ የእግዚአብሔር ሥራ ሳይነገርበት እንዳይመሽ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከሌላው ምእመን ተለይተው ሲኖሩ የግዕዝ መጻሕፍትን በደብረ ጽዮን ደሴት ጠብቀው ያቆዩ ከመሆናቸውም በላይ፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ወጥታ በዚያ ደሴት ተጠልላለች የሚለውን ትውፊት ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ስለት የተሳለ ሰውም ልመናውን በልቡ ሰውሮ ይቆይና፣ በተፈጸመለት ጊዜ ጃንጥላውን ወይም መጋረጃውን ተሸክሞ በጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል በናዝሬት በኩል የሚያልፈው መንገደኛ ብዙው እንዲህ ያለ ባለ ስለት ነው።

ስለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለታላቅ ጭንቅ የሚደረግ ነው። ለዘወትሩ ኑሮ ከጽዋ ማኅበር የተሻለ ስፍራ አላውቅም። በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ዕለት ተራው የደረሰው ሰው ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ይጠራል፤ ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ በሚሆነው ጨዋታ የማን ልጅ ከሕመም እንደዳነ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ተጣልተው የከረሙት ወንድማማች እንዴት እንደታረቁ ይነገራል። ተናጋሪው ቢያጋንን የሚያርመው፣ የደበቀውም ነገር ቢኖር የሚያውቅ ጎረቤት አጠገቡ ተቀምጧልና ቃሉ የታመነ ይሆናል። ጌታችን በጌርጌሴኖን አገር ከአጋንንት የፈወሰው ሰው ልከተልህ ብሎ ሲለምነው አልፈቀደለትም፤ የተደረገለትን እንዲናገር የላከው ወደ ገዛ ቤቱ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስቃዩን ሲያዩ ወደ ኖሩት ዘመዶቹ ነበር።

የእግዚአብሔርን ውለታ በቤትና በጎረቤት መካከል ስለ መናገር የናዝሬት ከተማ ራሱን የቻለ ታሪክ አላት። ከጣልያን ወረራ በኋላ የመጡት የሜኖናይት ሚሲዮን ሰዎች በዚያ በኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር ወር 1974 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። በዚያን ጊዜ 5,000 ያህል የነበሩት ምእመናን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ዐውደ ምሕረት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጓዳና ሳሎን፣ የጎረቤትም ወዳጅነት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1983 ዓ.ም. እንደገና በግልጽ ስትቆም የምእመናኑ ቍጥር ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መስፋፋት ሴቶች የነበራቸው ድርሻ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል፤ እኔም አልደነቅበትም፣ በአገራችን ልማድ የጎረቤትን ችግር ቀድማ የምትሰማውና ደጃፉን አልፋ የምትገባው ሴት ናትና። በሥርዓተ እምነት የሚለይ አንባቢ ቢኖር እንኳ ከዚህ ነገር የሚማረው አያጣም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ምስክርነት የተሳካለት ሰው ብቻ የሚናገርበት ከሆነ፣ ልጇን የቀበረች እናትና ዝናም የቀረበት ገበሬ በማኅበሩ መካከል ተቀምጠው፣ ከእግዚአብሔር ፊት የተረሱ ይመስላቸዋል። ዳዊት ምስጋናውን ብቻ አልዘመረም፣ እንባውንና አቤቱታውንም ጨምሮ ለአምላኩ አቀረበ እንጂ፤ ኢዮብም በመከራው ጊዜ የተናገረው የምሬት ቃል ከቅዱስ መጽሐፍ አልተፋቀም። ስለዚህ ሙሴ የሚባለው የጽዋ ማኅበሩ መሪ ለእንዲህ ያለው ሰው ቅድሚያ ሰጥቶ ኀዘኑን እንዳለ እንዲናገር ቢፈቅድለት፣ ማኅበርተኛውም ለማጽናናት ሳይቸኩል ቢያደምጠው መልካም ነው። ያቺ እናት ልቧ ጥቂት ሲረጋጋ፣ እግዚአብሔር ምን አደረገልሽ ተብላ ብትጠየቅ፣ በለቅሶው ሰሞን ውሃ የቀዱላትን፣ ንፍሮ የቀቀሉላትን፣ ሌሊቱን አብረዋት ያደሩትን፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ሆኖ ሳለ መቃብሩን የቆፈሩላትን ጎረቤቶች እያንዳንዳቸውን በስማቸው ትጠራለች።