ከልብስ በፊት አካል

ሰከንድ ላይፍ የሚባለው ምናባዊ ዓለም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ከተከፈተ ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለገባ ሰው ሁሉ አንድ ገላ በነፃ ያድላል። ያም ሆኖ እዚያ ሰንብቶ በታደለው መልክ የሚዞር ሰው ብርቅ ነው። ቁመትን፣ የአፍንጫን ስፋት፣ የአገጭን ሹልነት ከ0 እስከ 100 በሚሄድ መለኪያ እያንሸራተቱ እንደ ልብ መለዋወጥ ይቻላል፤ ይህ አያስከፍልም። ገንዘብ የሚጠይቀው ሌላው ነው፦ ቆዳው፣ ፀጉሩ፣ ዓይኑ፣ ጭንቅላቱ፣ እጅና እግሩ፣ ሌላው ቀርቶ አረማመዱ።

ዓለሙን የሠራው የሳን ፍራንሲስኮው ሊንደን ላብ ነው። ፊሊፕ ሮዝዴል ያቋቋመው ይህ ኩባንያ መሬቱንና ሰማዩን ዘርግቶ የቀረውን ለነዋሪዎቹ ተወላቸው፤ በዚያው በ2003 መጨረሻም ነዋሪ የሠራው ነገር የፈጠራ መብቱ የራሱ እንደሆነ አሳወቀ። ገበያው የተወለደው ከዚህ ነው። መገበያያው ሊንደን ዶላር ይባላል፤ ወደ 250 የሚጠጋው አንድ የአሜሪካ ዶላር ያወጣል፣ ተመልሶም ወደ እውነተኛ ገንዘብ ይመነዘራል። ስለዚህ ቆዳ በመሳል፣ ጫማ በመቅረጽ እንጀራውን የሚበላ ሰው አለ።

እስከ 2011 ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ልብስ በአብዛኛው ገላ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ነበር፤ የሁሉም ገላ በመሠረቱ አንድ ስለሆነ ሸሚዝ የገዛ ሁሉ ይሆነው ነበር። በዚያ ዓመት ሜሽ የተባለው ተፈቀደ፤ እንደ ብሌንደር ባሉ ፕሮግራሞች የተቀረጸን ባለሦስት አቅጣጫ ቅርጽ ከውጭ ማስገባት ማለት ነው። ቀራጮቹ ውለው አድረው ሙሉ ሰውነት መሸጥ ጀመሩ። አሠራሩን ለሚሰማ ሰው ግራ ያጋባል። የጥንቱ ገላ አይወልቅም፤ እንዳይታይ ተደርጎ ከሥር ይቀራል፣ የተገዛው አካል ይደረብበታል፣ የጥንቶቹ መለኪያዎች ደግሞ ከሥር ሆነው የላዩን ቅርጽ ይዘውሩታል። በዚህ ላይ ልብሱን ጥሶ እንዳይወጣ የተገዛውን አካል ጭኑን ወይም ሆዱን ለይቶ የሚሰውር መቆጣጠሪያ አለ። ሱሪ የለበሰ ሰው ከሱሪው ሥር ብዙ ጊዜ እግር የለውም።

የሸማቹ ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አካል ሁሉ የየራሱ ልክ ስላለው ለአንዱ የተሠራ ቀሚስ ሌላው ላይ አንድም ሥጋ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንድም ከገላ ርቆ ይንሳፈፋል። ልብስ ሠሪው ለየአካሉ እንደገና ማስተካከል አለበት፤ ጊዜው ውስን ነውና ብዙ ገዢ ያለውን ያስቀድማል። ማይትሬያ የተባለው ሱቅ ላራ የሚላትን የሴት አካል በ2,750 ሊንደን ዶላር ሲሸጥ ኖሯል፤ ከ10 የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ላራን የገዛች ሴት የልብስ ችግር የለባትም። እምብዛም ያልተለመደ አካል የመረጠች ግን ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ትውላለች። የወንዱ ልብስማ ከሴቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው ሰዎች አዲስ ገቢውን «መጀመሪያ የወደድከውን ልብስ እይ፣ ለየትኛው አካል እንደተሠራ አንብብ፣ አካሉን ከዚያ ግዛ» ይሉታል። አካሄዱ የተገላቢጦሽ ቢመስልም ያዋጣል።

ሱቆቹ ዴሞ ያቀርባሉ። በነፃ ወይም በ1 ሊንደን ዶላር የሚገኝ መሞከሪያ ሲሆን፣ ለብሰውት እንዳይቀሩ መሞከሪያ መሆኑን የሚናገር ትልቅ ጽሑፍ ይታከልበታል። ይህን ዘሎ የገዛ ሰው ገንዘቡ መመለሱ በሻጩ በጎ ፈቃድ ነው። ዋጋ መከራከርማ የለም፤ ሻጩ ብዙውን ጊዜ በቦታው ስለማይገኝ ሰሌዳውን ነክቶ፣ ከፍሎ መሄድ ነው። መርካቶን ለለመደ ሰው ጨው የሌለው ንግድ ነው። ሰልባጅም የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ዕቃ ለገዢው ራሱ ይባዛለታል እንጂ ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። ጋቻ የተባለው የዕጣ ማሽን ግን የተለየ ነበር። ከፍሎ የደረሰውን ያልወደደ ሰው መልሶ ይሸጠው ስለነበር ሁለተኛ ገበያ ቆሞበት ነበር። በ2021 ሊንደን ላብ በዕጣ ሽያጭ ላይ የየአገሩ ሕግ እየጠበቀ መምጣቱን አይቶ አገደው።

ከሁሉ የከበደው ምርጫ በእኔ ግምት ቆዳ ነው። በ2006 የዚያን ዓለም ወሬ ይዘግብ የነበረው ዋግነር ጄምስ አው፣ በነጭ መልክ ትታወቅ የነበረች አንዲት ነዋሪ ጥቁር ቆዳ ለብሳ ስትሰነብት የደረሰባትን ጽፎ ነበር፤ ስድብም መገለልም ገጥሟታል። የተለወጠው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ የለበሰችው ሴት ያችው ናት። በነዚያ ዓመታት ጥቁር ቆዳና ከርዳዳ ፀጉር የሚሠሩት ጥቂቶች ነበሩ። አሁን አንድ ፊት ከፈዛዛ እስከ ጠይምና ጥቁር በተደረደረ ቀለም ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው፤ አፍሮና ሹሩባም ፈልጎ የሚያጣ የለም።

በየወሩ ብዙ ሱቆች አዲስ ሥራቸውን አንድ ቦታ የሚያወጡባቸው ባዛሮች አሉ። በመክፈቻው ቀን ሕዝቡ ሲጋፋ ኮምፒዩተሩ ይንገታገታል፣ ሰው ፊቱ ሳይሳል ግራጫ ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ጌጥና ከባድ ፀጉር አውልቃችሁ ኑ ይላሉ፤ የዘመኑን ፋሽን ሊሸምት የሚመጣው ሁሉ ራሰ በራ ሆኖ፣ ቀለል ያለ ነገር ጣል አድርጎ ይሰለፋል።

ሊንደን ላብ ራሱ በ2023 ሴንራ የተባለ የሜሽ አካል በነፃ አወጣ፤ ልብስ ለሚሠሩትም የአካሉን ልክ አብሮ ሰጣቸው። አዲስ ገቢ ያለ ወጪ ደህና መልክ ይዞ እንዲጀምር የታሰበ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንድ የወደደው ኮት ላይ ይደርስና ዝርዝሩን ያነባል፤ ላራ አለች፣ ሌሎችም አሉ፣ የእሱ ግን የለም።